ያልደረቀው ምርጊት

አቶ መንግስቴ የሞቱት በልጃቸው ቅልቅል ጠዋት ነው። ኢንስፔክተር የኔነሽ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳገቱ ላይ ካለው ግቢያቸው ስትደርስ፣ በጥር ፀሐይ መሀል የሐምሌ ጭቃ ጠበቃት። ጥቁሩ የውሃ ታንከር ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ሽማግሌውም አጠገቡ በነጠላ ተሸፍነው ተኝተዋል። ከግቢው መሀል ለሰርጉ የተጣለው ዳስ እንደቆመ ነው። ቅጠሉ እንኳ ገና አልጠወለገም። ማታ እልል ስትል ያመሸች ሴት ጠዋት እዚያው ዳስ ውስጥ ደረቷን ትደቃለች፤ ከጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ለቅልቅል የመጡት አማቾች ደግሞ ይሂዱ ይቅሩ ግራ ገብቷቸው በሰርግ ልብሳቸው ለቅሶ ተቀምጠዋል። የኔነሽ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ ያለ ዳስ ግን አይታ አታውቅም።

«ነገሩ አልቋል፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ቴዎድሮስ። ቴዎድሮስ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ነገር ሳይጀመር መጨረሱ ነው። «ገዳዩን ይዘነዋል። ግንበኛው ቻላቸው ነው።»

«ገዳይ ያለው ማነው?»

«አገር ምድሩ! ታንከሩን ደግፎ የነበረው ሰያፍ እንጨት የለም። ተሰብሮ ቢሆን ስባሪው ይገኝ ነበር። ምስማሩን ነቅሎ የወሰደው ሰው አለ፤ ቀዳዳውን ይዩት። ቻላቸው ደግሞ ለሥራ ወገዳ ሳይሄድ ገበያ መሀል 'በራስዎ ላይ ይውረድ' ብሎ ረግሟቸዋል። ሰንብቶ ሰንብቶ ትናንት ማታ ከወገዳ ገባ፤ ጠዋት ታንከሩ ወረደ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

«እርግማን ምስማር አይነቅልም» አለች የኔነሽ።

ሙሽራው መልካሙ ከዳሱ አፍ ላይ ቆሟል። የሰርግ ሱፉን አላወለቀም፤ የአባቱን ጠመንጃ ግን ከላዩ አንግቷል። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሩፋኤል ክንዱን ይዘው ያባብሉታል።

«የእርስዎን ሥራ ይሥሩ፣ ኢንስፔክተር» አላት ዓይኑን ሳይሰብር። «እኔ እስከ ሠልስቱ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ፣ ቻላቸው እስር ቤት ቢሆን ወንድሙ ውጭ ነው።»

«ተው ልጄ» አሉ አባ። «በቀል የእግዚአብሔር ነው።»

«የተገደለው የእኔ አባት ነው፣ አባ!»

የኔነሽ ነገሩን እንደ ዋዛ አላየችውም። ደም አንዴ ከተጀመረ ማን እንደጀመረው እስኪረሳ ድረስ እንደሚሄድ የጋይንት ልጅ ናትና ታውቃለች። የቻላቸው ታናሽ ወንድም ወሬውን ሰምቶ ወደ ስማዳ ሸሽቷል። እውነቱን እስከ ሠልስቱ ካላገኘችው ሁለተኛ ሬሳ ልታነሳ ነው።

ወደ ሟቹ ጎንበስ አለች። «ምን ሲያደርጉ ነው የወደቀባቸው?»

«ሊታጠቡ ወጥተው ነው» አለ ቴዎድሮስ። «ቧንቧው ይኸው ክፍት ነው።»

እውነትም ከታንከሩ ሥር ያለው ማውጫ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። የኔነሽ ዙሪያውን ቃኘች። ጣሳ የለም፤ ሳሙና የለም፤ ማስታጠቢያም የለም። ሟቹ አንዱን እግራቸውን ጫማ አጥልቀዋል፤ ሌላው ባዶ ነው። ጋቢም አልደረቡም። ሽማግሌ ሰው በጥር ውርጭ ያለ ጋቢ፣ በአንድ እግር ጫማ ፊቱን ሊታጠብ ይወጣል? ሐሳቡን ለቴዎድሮስ አልነገረችውም፤ እሱ ወዲያው ሌላ ገዳይ ያገኝላት ነበር።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ታንከሩ የተቀመጠበት ርብራብ ከፊት በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች፣ ከኋላ ደግሞ በማድ ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ራስ ላይ ያረፈ ነበር። የግድግዳው ራስ ተንዷል። የቀረው ለሰርጉ ተብሎ አዲስ ምርጊት ተመርጓል፤ ጭዱ ገና ያብረቀርቃል። ምርጊቱ በፀሐይ ደርቆ ፈዝዟል፤ ታንከሩ የነበረበት ጥግ ብቻ ከሥሩ እስከ ወገብ ጠቁሮ ቀርቷል። ዛሬ የፈሰሰው ውሃ ነው እንዳትል፣ ውሃው የሄደው ቁልቁል ወደ በሩ ነው። የጥቁረቱ ዳርም ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ እንዲህ ያለ ዱቄት ደግሞ በአንድ ጠዋት አይወጣም። የደረቀውን በጣቷ ብትገፋው አልበገር አላት። ጥቁሩን ስትገፋው ግን ጣቷ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰጠመ። ከጉልበት ከፍ ብሎ ጡጫ የሚያህል ጉድጓድ አገኘች። በጭቃ ተደፍኖ ምርጊቱ ከላዩ ለስልሷል። ጭቃውን በጣቷ ጠረገችው። የጉድጓዱ አፍ ወደ ላይ አጋድሏል።

«ምንድን ነው?» አለ ቴዎድሮስ።

«ያልደረቀ ምርጊት» አለችው፤ እጇን በመሐረብ ጠርጋ ወደ ጣቢያ ሄደች።

ቻላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል።

«ረግመሃቸዋል?»

«ረግሜያለሁ፤ አልዋሽም። ታንከሩን እዚያ የሰቀሉት ራሳቸው ናቸው። እኔን የጠሩኝ ግድግዳው ሲላላ ነው። ማውጫው ያንጠባጥባል፣ ጭቃው ይጠጣል። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ማለት ሃያ ኩንታል ማለት ነው። ሃያ ኩንታል ገብስ በርጥብ ጭቃ ራስ ላይ ማን ይከምራል? እናውርደውና ከድንጋይ መሠረት ላይ፣ ከግድግዳ አርቀን እናስቀምጠው አልኳቸው። 'ሰርግ ደርሶብኛል፣ ለጊዜው ደግፍልኝ' አሉ። አንድ ሰያፍ እንጨት ደገፍኩ፤ ታችኛውን ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ካለው ግንድ ጋር አስገብቼ፣ ላዩን ከርብራቡ ጋር መታሁት። ኋላ ገበያ ውስጥ አግኝቼ ብደግምላቸው 'ሥራ ፈትተህ ነው' ብለው ሰው አሳቁብኝ። ተናደድኩ። ምነው ያን ጊዜ አፌ በተቆረጠ!»

«ወገዳ የሄድከው መቼ ነው?»

«ዳሱ ሳይጣል። የሰው ቤት ስሠራ ከርሜ ትናንት ማታ ነው የገባሁ።»

«ያለ ሰያፉ ታንከሩ ይቆማል?»

«ባዶውን ይቆማል። ከሞላ ግን…» መዳፉን ገለበጠው። «እናቴ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

ቻላቸው ፊቱን ሸፈነ። እስካሁን ስለ ራሱ አንድም አልጠየቀም፤ የኔነሽም ይህን ልብ አለች።

የመንግስቴ ጎረቤት አገኘሁ ይባላል፤ ቤቱ ከማድ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። የለቅሶው ጩኸት ቤቱ ድረስ እየገባ እሱ ግን ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«ለቅሶ የማይገቡት ለምንድን ነው?» አለችው።

«በምን ዓይኔ? ሳንታረቅ ሞተ እኮ።» ተነሥቶ ወደ ውስጥ አስገባትና የገብስ ጎታውን አሳያት። ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቶበታል። «ከእሱ ታንከር የሚንጠባጠበው በእኔ ግድግዳ ይገባል። ብነግረው 'የእኔ ውሃ አጥር አይዘልም' አለኝ። ተኳረፍን። ሰርጉንም ቀረሁ፤ ለዳሱም ቋሚ አላቆምሁ።»

«ሁሉም ሰው ነው የሚያቆም?»

«በዚህ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት አንድ ቋሚ አምጥቶ በየቦታው ይተክላል። የማን የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የእኔ ቦታ ከሙሽሮቹ ወንበር በስተቀኝ ነው። አማቾቹ ባዶውን አይተው 'ይህ የማን ነው' ይበሉ ብዬ ቀረሁ።» የጎታውን ሻጋታ በጣቱ ፋቀ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሆንሁለት።»

የኔነሽ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ቀዝቅዞ ረጥቧል፤ መሀሉም ሆድ አውጥቷል። «ልጆቹ የሚተኙት የት ነው?»

«እዚሁ ጥግ።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይተኙም። ጎታውንም ያርቁት፤ ግድግዳው ሊወድቅ ነው።»

መልካሙን ያነጋገረችው በማግሥቱ ነው። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መለሰላት።

«ታንከሩን የሞላው ማነው?»

«እኔ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ታንከሩ ተንጠባጥቦ አልቋል፤ ለሰርጉ በአህያ ነበር ያስጫንን። ያን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ቧንቧው ሲያፏጭ ሰማሁና ደስ አለኝ። አማቾቼ የሚታጠቡበት አገኙ ብዬ፣ እስከ አፉ እንዲሞላ ከፍቼው ተመልሼ ተኛሁ።» ጠመንጃውን ጨበጠ። «ያ ውሻ በጨለማ ገብቶ ነቅሎታል። ገበያ መሀል ሰው አሳቁብኝ ብሎ ነው!»

የኔነሽ ተነሣች። ከልጁ ተለይታ እናቱን ወይዘሮ ጌጤን ከማድ ቤቱ ደጃፍ አገኘቻቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ያን ያልደረቀ ጥግ በጀርባቸው ከልለው ቆመዋል።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ እትዬ ጌጤ። ማድ ቤቱን የመረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ በዚህ በእጄ።»

«ዳሱ ከመጣሉ በፊት ነው በኋላ?»

«ትልቁን ቤት በፊት። ይህን ዳሱ በተጣለ ማግሥት።»

«ይህ ጥግ ሳይደርቅ የቀረው ለምን ይሆን?»

«ጥላ ነዋ፤ ፀሐይ አያገኘው።»

ፀሐዩ ሲናገሩ እንኳ ፊታቸው ላይ ነበር። «ሲመርጉ ሰያፉ እንጨት ነበር?»

«እንጃ» አሉ ወይዘሮ ጌጤ ዓይናቸውን ወደ ዳሱ አሽሽተው። «ልብ አላልኩትም።»

የኔነሽ አልገፋቻቸውም። ሴትዮዋ ከባል ሞት በላይ የሚፈሩት ነገር እንዳላቸው አየች። ምን እንደሆነም ገባት፤ ባልገባት ብላ ተመኘች።

በሠልስቱ ሰፈሩ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ተሰበሰበ። አማቾቹ በአንድ ወገን፣ የመንግስቴ ዘመዶች በሌላው ተቀምጠዋል። ሙሽራይቱ እመቤት ሻሽ አስራ ከሴቶቹ መሀል አንገቷን ደፍታለች። አገኘሁም በመጨረሻ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆሟል። ቴዎድሮስ ቻላቸውን ይዞ ሲገባ ማጉረምረም ተነሣ፤ መልካሙም ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው የኔነሽ። «እስከ ሠልስቱ ብለሃል፤ ሠልስቱ ገና አላለቀም። ሳጅን፣ ከሙሽሮቹ ወንበር በስተቀኝ ያለውን ቋሚ ቅጠሉን ግፈፍልኝ።»

ቴዎድሮስ የተጠመጠመበትን ቅጠል ገፈፈ። የዳሱ ቋሚዎች ሁሉ ከነልጣቸው የተቆረጡ እርጥብ ባሕር ዛፎች ናቸው። ይህ ግን ልጡ የተላጠ፣ የከረመ እንጨት ነው። ላይኛው ጫፉ በሰያፍ ተቆርጧል፤ የምስማር ቀዳዳም አለው። ነቅሎ ሲያወጣው የታችኛውም እንደዚያው ሆነ።

«የእኔ ሰያፍ ነው!» አለ ቻላቸው። «በእጄ የቆረጥኩት!»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ቦታው የአገኘሁ ነውና። ቴዎድሮስ ለአፉ ፈጣን ነው፤ «አቶ አገኘሁ!» ብሎ ጮኸ። መልካሙ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አባ ወልደ ሩፋኤል አፈሙዙን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እግዚኦ በሉ! ትጨርስ!»

«መጀመሪያ እንጨቱ መቼ እንደተነቀለ እንወቅ» አለች የኔነሽ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እንጨቱ ገብቶበት የነበረው የግድግዳ ጉድጓድ በጭቃ ተደፍኖ፣ ምርጊቱ ከላዩ ተለስኖበታል። እንጨቱ ቦታው ላይ ቢሆን ምርጊቱ ዙሪያውን ብቻ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ማድ ቤቱ ሲመረግ እንጨቱ አልነበረም። ማድ ቤቱ የተመረገው ዳሱ በተጣለ ማግሥት ነው። ያን ጊዜ ቻላቸው ወገዳ ነበር፤ ቤቱን ያሠሩት ሰዎች ለሳጅን መስክረዋል። ነፃ ነው።»

«አገኘሁስ?» አለ መልካሙ። «እሱ እዚሁ ነበር!»

«ነበር። ግን አስብ። ቋሚውን የነፈገው ባዶው እንዲታይ ብሎ ነው፤ አልደበቀኝም። ባዶው እንዲታይ የፈለገ ሰው እንጨት ሰርቆ ባዶውን ይሞላል? የሞላው ባዶው እንዳይታይ የፈለገ ሰው ነው። ባዶው በአማቾች ፊት የሚያዋርደው ማንን ነበር?»

እንጨቱን ከሳጅኑ ተቀብላ መልካሙ ፊት አቆመችው።

«የሰርጉን ባለቤት ነው። ከዚህ ቤት ደግሞ አንተ አይደለህም፤ ነቅለኸው ቢሆን ውሃ አትከፍትም። አሁን አባትህ እንዴት እንደተገኙ ላስታውስህ። በአንድ እግራቸው ጫማ፣ ያለ ጋቢ፣ ያለ ጣሳ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍተው። ይህ ሊታጠብ የወጣ ሰው አይደለም። ታንከሩን ሊያፈስ የሮጠ ሰው ነው። ከሞላ እንደሚወድቅ ያውቁ ነበር፤ ድጋፉን ራሳቸው ነቅለውታልና። ባዶ ነው፣ ዳሱ ሲፈርስ እመልሰዋለሁ ብለው ነው። አባትህን የገደለ ጠላት የለም፣ መልካሙ። ዳሴ ጎዶሎ እንዳይባል ብለው አንድ እንጨት ከራሳቸው ቤት ተበደሩ።»

«ታንከሩን የሞላሁት…» አለ መልካሙ። ጠመንጃው በአባ እጅ ቀረ፤ እሱ ግን መልቀቁን እንኳ አላወቀም።

የኔነሽ በዚያች ሰዓት ሥራዋን ጠላችው። «ለእንግዶችህ ነው የከፈትከው። ማንም አልነገረህም» አለችው። እንጀራዋ ነውና የቀረውን ጥያቄ መተው አልቻለችም። ወደ ሴቶቹ ዞረች። «የአቶ መንግስቴ መኝታ ከትልቁ ቤት ወዲያ ጫፍ ነው። ውሃው ሲሞላ ከዚያ አይሰማም። የቀሰቀሳቸው ማነው፣ እትዬ ጌጤ?»

ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ።

«እኔ ነኝ። ድፎውን ላወጣ ማድ ቤት ነበርሁ። ሲሞላ ሰማሁ። እንጨቱን ሲነቅል አይቻለሁ፤ ጉድጓዱን የደፈንሁት እኔ ነኝ፣ አማቾች እንዳያዩት። ቧንቧውን ልዘጋ ሄድሁ፤ ውሃ የሚያስገባውን የመስመር መዝጊያ ግን አላውቀውም። ልጮህ አፌን ከፈትሁ። አማቾች ከዳሱ ውስጥ ተኝተው፣ 'ባሌ የቤቱን ድጋፍ ነቅሎ ዳስ ጣለ' ብዬ እንዴት ልጩህ? ሰው ምን ይላል? ገብቼ በጆሮው ሹክ አልሁት። 'ማንንም ሳትቀሰቅስ አፍሰው' አልሁት።»

«እማዬ፣ እኔ በር አጠገብ ነበርኩ» አለ መልካሙ። «ብትጠሪኝ እዘጋው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቻላቸውንስ? ወንድሙን ልገድል ነበር እኮ!»

«ልጁ ውሃ ከፍቶ አባቱን ገደለ ከሚሉህ ብዬ ነው ዝም ያልሁ። እንጨቱን ሳትነግር ሞቱን መንገር አይቻል። አንዱን ስሸፍን ሌላው ተገለጠብኝ።»

አገኘሁ ከበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወይዘሮ ጌጤ ተነሥተው፣ ሰው መሀል አቋርጠው ሄደው ከቻላቸው እግር ላይ ወደቁ። በልማዱ ወዲያው ማንሣት ነበረበት። ቻላቸው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ አያቸው።

«እኔ ይቅር ብያለሁ» አለ በመጨረሻ፤ ክንዳቸውን ይዞ እያነሣቸው። «እናቴ ግን ከያዙኝ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የነፍሰ ገዳይ እናት እያሏት ነው። ለሷ ንገሯት።»

ወይዘሮ ጌጤ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ወጡ። መልካሙ ባዶ እጁን ተከተላቸው፤ ከኋላቸው የኔነሽ፣ ከዚያም ዳሱ ሙሉ ሰው ወረደ። የቻላቸው እናት ወለተ ሚካኤል ቤት ከገበያው በታች ነው፤ አጥሩ የእሾህ፣ በሩም ዝግ ነው። ወይዘሮ ጌጤ በሩን አንኳኩ።

«እትዬ ወለተ ሚካኤል» አሉ። «ልጅሽ ንጹሕ ነው። ባሌን የገደለው የራሳችን እንጨት፣ የራሳችን ውሃና የእኔ ዝምታ ነው። ዋሽቼበታለሁ።»

ከውስጥ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ኋላ አሮጊቷ ከበሩ ማዶ፣ በቀሰስተኛ ድምፅ ተናገሩ።

«እንደገና በይው። ጎረቤት አልሰማም።»

ወይዘሮ ጌጤ ወደ መንገዱ ዞሩ። ገበያተኛው ቆሞ ያያቸዋል። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው፣ አፋቸውን ከፍተው ጮኹ።